እማዬ የፈገፈገችው አምባር

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ባቡሩ» ይለዋል። ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ሸሚዙን ደረጃ እየወረደ ይቆልፋል፣ ስልክ ሲደወልለት «ሃሎ» ማለቱን ትቶ «መጣሁ፣ መጣሁ» ብሎ ይዘጋል። ታላቅ እህቱ ነኝና የመናገር መብት አለኝ፤ ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ተረጋግቶ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። ወንበር የሚገዛው ለእንግዳ ነው።

በትንሿ ሱቃችን ዕቃ ላይ በሌዘር ጨረር ጽሑፍ እንጽፋለን፤ የበር ስም፣ የዋንጫ ግርጌ፣ የቁልፍ መያዣ። እሱ ማሽኑን ያሠራል። እኔ ሥራ እቀበላለሁ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የእሱን ፊደል እለቅማለሁ። ሲቸኩል ፊደል ይዘላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። እማዬ ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ፊደሎቹን በጣቷ አንድ በአንድ እየነካች «እዚህ ጋ አንዱ ጠፍቷል፣ የት ጣልከው?» ትለው ነበር። እሷ ራሷ ማንበብ የለመደችው በእኛ ደብተር ነው።

እማዬ ሠላሳ ዓመት የአንድ ትልቅ ሆቴል ድስት አጣቢ ነበረች። አሁን ብዙ ነገር ጠፍቶባታል። ምሳ መብላቷን ትረሳለች፣ አንዳንድ ቀን እኛንም ትረሳናለች። ያልረሳችው ማጠብንና ሥራ መሄድን ነው። በሩ ገርበብ ካለ «ረፈደብኝ» ብላ ትወጣለች፣ ከዚያ መመለሻው ይጠፋታል።

አምባሩ የታሰበው ለዚህ ነው። ከስስ ስቴንለስ ብረት ተሠርቶ «ከጠፋሁ ለልጆቼ ደውሉልኝ» ተብሎ ሊጻፍበት፣ ከሥሩም የሁለታችን ስልክ ሊገባ። የእኛ ሌዘር ግን እንጨትና ፕላስቲክ እንጂ ባዶ ስቴንለስ አይጽፍም፤ ብርሃኑ ሄዶ ሄዶ ምንም ምልክት አይተውም። ስለዚህ ብረቱ ላይ ከጣሳ ግራጫ ቅብ ይነፋበታል። ሌዘሩ የነካው ቅብ ብቻ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ይጠቁራል፣ የቀረው በውሃ ይታጠባል።

ባቡሩ አምባሩን በጣቶቹ ጨብጦ ቅቡን እንደ ቂጣ አወፈረበትና፣ ገና እርጥብ ሳለ ማሽኑ ውስጥ ከተተው።

«ጣሳው ላይ ይድረቅ ይላል» አልኩት።

«ማሽኑ ያደርቀዋል። አንቺ ፊደሉን ብቻ እዪ።»

ፊደሉን አየሁ፤ አልተዘለለም። ጥቁሩም ያምር ነበር። በደስታ እጇ ላይ አሰርንላት።

በአራተኛው ቀን እማዬ ጠፋች። ግማሽ ቀን ሙሉ ሰው እየጠየቅን፣ እኔ በአንድ መንገድ እሱ በሌላው ስንሮጥ ውለን አውቶቡስ ተራ አገኘናት። ትኬት ቆራጩ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጧት ውሃ ሰጥቷታል።

«ስልክ ይኖረዋል ብዬ አምባራቸውን አገላብጬ አየሁት» አለን። «ምንም የለበትም፤ እንደ መስታወት ጠርቷል።»

«እማዬ፣ ጽሑፉስ?» አልኳት።

«ጥላሸት ይዞት ነበር» አለች ኮራ ብላ። «ፈግፍጌ አስለቀቅኩት።»

ደሜ ፈላ። እቤት እስክንደርስ ባቡሩን ያላልኩት ነገር የለም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ተከተለን፤ ያኔ ደግሞ አሳዘነኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን ቆለፍን። እማዬ ከነጋ ጀምሮ እጀታውን እየነቀነቀች «ክፈቱልኝ፣ ረፈደብኝ» ትላለች። ከዚህ በላይ የሚያስጨንቅ ድምፅ አላውቅም። የገዛ እናታችንን ያሰርናት መሰለኝ።

ባቡሩ አንድ እቅፍ የስቴንለስ ማንኪያ ገዝቶ መጣ። እያንዳንዱ ላይ ቅብ እየነፋ ቁጥር ይጽፍበትና ለእማዬ እንድታጥበው ይሰጣታል። ከእሷ የባሰ ፈታኝ ከየት ይመጣል? ጥቁር ነገር ብረት ላይ ካየች እንቅልፍ የላትም። የሽቦ መፈግፈጊያዋን ይዛ ትወርድበትና «ለቀቀ» ብላ ትመልስለታለች። አንድ ለቀቀ። ሁለት ለቀቀ። በአምስተኛው የጣት ወዝ ቅቡን እንደማያስይዝ ገባው፤ በአልኮል ወልውሎ በጨርቅ መያዝ ጀመረ። በሰባተኛው ቅቡን አሳሳው፣ በስምንተኛው ሌዘሩን ቀስ አስባለው። የቀረው ማድረቅ ነው። ቅቡ በደንብ እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል፣ ለባቡሩ ደግሞ ሃያ ደቂቃ እስር ቤት ነው። ዘጠነኛውን በፀጉር ማድረቂያ ሲያጣድፍ የሱቁን አቧራ ሁሉ ነፋበት። አሥረኛውን በአሥር ደቂቃ አነሳው። ለቀቀ።

አሥራ አንደኛውን እኔ ወስጄ ያዝኩበት፤ ሃያ ደቂቃው እስኪሞላ አልሰጠሁትም። እማዬ ፈገፈገችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና ፈገፈገችው። በመጨረሻ «ይሄ ማንኪያ ተበላሽቷል» ብላ ወረወረችው። ስንስቅ እሷም ሳቀች።

በማግስቱ ባቡሩ አምባሩን በአልኮል ወለወለው፣ ስስ ቅብ ነፋበት። እኔ ሰዓቴን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ጠረጴዛውን ዞረ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ «እስኪደርቅ ጽሑፉን ላተልቀው» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ አዲስ መታው። ሃያው ሞላ፣ ሌዘሩ ጻፈ፣ ትርፉ ታጠበ። እኔ ራሴ በሽቦ ፈገፈግኩት፤ ንቅንቅ አላለም። እንደ ሞኝ ቅቡ መያዙን እንጂ ፊደሉን አላየሁም።

እቤት ወስደን እጇ ላይ እንዳሰርንላት እማዬ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ሁለታችንም ከኋላዋ ቆምን። ፈገፈገች፣ አረፈች፣ እጇን ለውጣ ፈገፈገች። አለቅ ሲላት አምባሩን ወደ ዓይኗ አቅርባ፣ በእርጥብ ጣቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየነካች አነበበች።

«ከጠፋሁ… ልጆቼ ደውሉልኝ።»

ጣቷን ወደ ኋላ መለሰች።

«እዚህ ጋ አንዱ ጠፍቷል። ‹ለልጆቼ› ነው እንጂ። አንድ ‹ለ› ተዘልላለች።»

ባቡሩ ፊቱ ቀልቶ እጁን ዘረጋ። «አምጪው እማዬ፣ አሁኑኑ ሌላ እሠራልሻለሁ።»

እጇን ደረቷ ላይ ሸሸገች። ቀና ብላ አየችው፤ የማታውቀውን ሰው የምታይበት አስተያየት ነበር።

«አይንኩብኝ ጌታዬ» አለችው። «ይሄ የልጄ ጽሑፍ ነው። እንዲህ የሚዘል እሱ ብቻ ነው። ሲመጣ አሳየዋለሁ፣ ራሱ ያስተካክለዋል።»

ባቡሩ እጁን ቀስ ብሎ መለሰ።

«እሺ እማማ» አላት። «እንጠብቀው።»

በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ ወደ ሱቁ ልመለስ ስወጣ ሁለቱም በሩን እያዩ ይጠብቁት ነበር።