ወደ እኔ ይውደቅ

ዛሬ ጠዋት አሰላ መሀል ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጣውላ ቤት አዲስ የተሰነጠቀ የጥድ ሽታ መጣ። ባጃጁ አጠገቤ ቆመ፤ ሹፌሩ «አይገቡም እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ እዚያው ቆሜ የልጅነት ግቢያችን ገብቼ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ጥድ ነበረን። አባቴ ቤቱን ሲሠራ የተከለው ነው፤ እሱ ሞቶ ጥዱ ቀረልን። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሲነሳ እንደ ዶፍ ዝናብ ይጮህ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በበልጉ ዝናብ ሥሩ ተላቀቀና ወደ ጎረቤታችን ቤት ዘመመ፤ ያውም ልጆቿ በሚተኙበት ክፍል ላይ። ጎረቤታችን ከባሏ ጋር እህል የምትነግድ፣ ሳቋ ከደጅ የሚሰማ ሙስሊም ሴት ናት። አዴ ነው የምላት፤ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። እናቴ ደግሞ አስተማሪ፣ እሁድ እሁድ ከመዘምራን ጋር የምትዘምር ጴንጤ ነበረች። ንፋስ በነፈሰ ቁጥር መጽሐፍ ቅዱሷን አስቀምጣ መስኮቱ ጋ ትቆማለች። «እነዚያ ልጆች» ትላለች፤ ሌላ አትልም።

ዛፍ ቆራጭ ተጠራ፤ ዙሪያውን ዞሮ አየው። ከላይ እየተቆራረጠ ይውረድ ከተባለ ዋጋው ከእናቴ አቅም በላይ ሆነ። ከሥሩ ተቆርጦ ይጣል ከተባለ ግን ግንዱን ለድካሙ ይወስዳል፤ ገንዘብ አይፈልግም። ችግሩ መውደቂያው ነበር። በመንገዱ በኩል የመብራት ሽቦ አለ፤ በሌላው በኩል መኖሪያ ቤታችን። የቀረው ወይ የአዴ ቤት ነው፣ ወይ የእኛ ማድ ቤት። ቆራጩ ወደ ጎረቤት እንጣለው አለ፤ ቀድሞም ወደዚያው ዘሟል፣ ልጆቹን አስወጥቶ መልቀቅ ነው፣ የጭቃ ግድግዳ በኋላ ይመረጋል። አዴም እኮ እሺ ብላ ነበር።

ማድ ቤቱን እናቴ ከደሞዟ እየቆጠበች ያሠራችው ነው። ቆርቆሮው ገና ያብረቀርቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ሳይቀር ወስዳ ታሳይ ነበር። እሱን ቆማ አየችው። ከዚያ የአባቴን ጥድ አየች።

«ዛፉ የኔ ነው» አለች። «ወደ እኔ ይውደቅ።»

የሰፈራችን ጋሪ ነጂዎች ፈረሶቻቸውን ከጋሪ ፈትተው መጡ። ከጥዱ አናት የታሰረው ረጅም ገመድ ከማድ ቤታችን ኋላ ወዳለው ሜዳ ተወሰደና ፈረሶቹ ላይ ታሰረ። አንዱ ነጂ በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ ይጮሃል፤ ፈረሶቹ ሁለቱንም ይሰማሉ። ጥዱ ከዘመመበት ቀና ሲል ያቃሰተው ማቃሰት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ቀጥሎ የቆርቆሮው ድምፅ። አቧራው ሲበርድ ማድ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ግቢው የሙጫ ሽታ ብቻ ሆነ፤ ሰማዩም ድንገት ሰፋብን። እናቴ አቧራውን ከነጠላዋ አራግፋ ለጋሪ ነጂዎቹ ቅርንጫፍ ማስጫን ጀመረች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ለአባቴ ይሁን ለማድ ቤቱ እንጃ።

ሳይመሽ አዴ መጥረቢያ ይዛ መጥታ በመሀላችን ያለውን አጥር ቀደደችው። በዚህ ዝናብ በመንገድ ዞረሽ አትመጪም፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ማድ ቤት ያንቺ ነው አለቻት። ክረምቱም ገባ።

እንደምታውቁት ክርስቲያንና ሙስሊም እንጀራ አብረን እንቆርሳለን፤ ሥጋ ላይ ግን እንለያያለን። እናቴ በአዴ ምድጃ ላይ የእኛን ሥጋ ማብሰል ነውር መሰላት፤ ለማንም ሳትናገር ተወችው። ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ደግሞ ሽሮ። እኔ ሥጋ ወዳድ ነበርኩና አኩርፌ ከረምኩ። «ተወዷል» ትለኛለች።

ለካ አዴም፣ ክርስቲያን ቆማ እያበሰለች አጠገቧ የእኛን ሥጋ አልጠብስም ብላ ትታዋለች! ሁለቱ አንድ ጭስ እየጠጡ፣ አንዷ ለሌላዋ ስትል ሥጋ እርም ብለው ከረሙ። አልተነጋገሩም። ነገሩን ያወጣው የአዴ ባል ነው። አንድ ቀን ከሳጉሬ ገበያ ርቦት ገባና የሽሮውን ድስት ከፍቶ አየ፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ።

«እትዬ፣ እርስዎ ጴንጤ ነዎት፣ እኛም ረመዳን አልያዝንም። ይሄ ጾም የማን ነው?»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ የሳቁት ሳቅ! እናቴ እንዲያ ስትስቅ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ምድጃውን በሁለት ጥግ አደረጉት፤ የእኛ የሥጋ ድስት እንዳይቀላቀል ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታሰረበት። ከክረምቱ በኋላ ሰፈሩ ተሰብስቦ ማድ ቤታችንን መልሶ ሠራው። አጥሩን ግን የደፈነው የለም፤ ባለ ክሩ ድስታችንም እዚያው አዴ ጋ ቀረ። እናቴም ያን ሁሉ ከፍላ አንድም ቀን ወይኔ ስትል አልሰማኋትም። እንደሷ ያለ ሰው ከየት ይመጣል?

ባለፈው ዓመት አረፈች። ድንኳኑ ተነስቶ ለቀስተኛው ከሄደም በኋላ ከአዴ ማድ ቤት የጥብስ ሽታ ጠፋ። እሷ አሁን ምርኩዝ ይዛ ነው የምትሄደው። አንድ ከሰዓት በአጥሩ ቀዳዳ ድስት አቅፋ መጣችና የጥዱ ጉቶ ላይ ተቀመጠች። ከፈትኩት፤ ሽሮ ነው። ትንሽ ላስቃት ብዬ፣

«አዴ፣ ይሄ ጾም የማን ነው?» አልኳት።

አልሳቀችም።

«የእናትሽ» አለችኝ።

ድስቱን ተቀበልኳት። ጆሮው ላይ ቀይ ክሩ አለ።