ከጥያቄ በፊት የተበላ ምሳ

ባለፈው ጥቅምት ልጃችን ወረታ መገንጠያው አጠገብ ካለ ሆቴል ምሳ ጋበዘችን። ባሌ ይርጋ እንደ ልማዱ ገና ወንበር ሳይዝ ሐሳብ መስጠት ጀመረ፤ ጠረጴዛው ይወዛወዛል፣ ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል፣ ሩዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የፎገራ ምግብ የሆነው? እውነቱን ነው፣ በእኛ ጊዜ በዚህ ሜዳ ሩዝ የሚባል አይታወቅም ነበር። ኑግ፣ ሽንብራ፣ ጓያና ከብት ነበር። እኔ ግን ሩዙ ጥሞኝ ዝም ብዬ እበላለሁ። ከተጋባን ጀምሮ በምግብ ነገር ተስማምተን አናውቅም።

በዚህ መሐል ነጭ ጋቢ የደረቡ ረጅም ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ቃኙ። እጄ ሳላዘው ከሣህኑ ተነሣ። ልጄ ማንን እንዳየሁ ጠየቀችኝ፤ ማንንም አልኳት። ይርጋ ግን ገብቶት ኖሮ አቀርቅሮ ሳቀ።

ነገሩ የወጣትነታችን ነው፤ ያኔ ከተጋባን ብዙም አልቆየንም ነበር። ይርጋ ደብረ ታቦር ድሬሰር ሆኖ ይሠራል። አባቴ ይፋግ አጠገብ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ አማቹን “ቁስል አጣቢው” እያለ ይጠራዋል። ስድብም አይደለም፣ ፍቅርም አይደለም፣ በመሐል ያለ ነገር ነው። ይርጋ ወደ ከፋ መዛወሩን ሲሰማ ግን ቀልዱን ትቶ ልጄ እዚያ ድረስ አትሄድም፣ እሱ ከፈለገ ብቻውን ይሂድ ብሎ ላከብን።

ብቻውን የሄደ ባል ምን እንደሚሆን እናውቅ ነበር። ለዓመት ብሎ ይሄዳል፣ በዚያው ጎጆ ይቀልሳል፤ ሚስቱ ባል እያላት እንደ ፈት ትቆጠራለች። እኔ ደግሞ ይርጋን ወድጄው ነበር። ባልን እወደዋለሁ ማለት በዚያ ዘመን ያሳፍራል፤ አሁን ምን አገባኝ፣ ወድጄው ነበር። የቀረን አንድ በር ብቻ ነው። አባቴ ከታላቅ ወንድሙ ከአያ ተሰማ ቃል አይወጣም፤ “አያ ተሰማ ትሂድ ካለ ትሂድ” ብሏል። አያ ተሰማ የሚኖሩት ወረታ ነው። እሳቸው እምቢ ካሉ ይርጋ በሳምንቱ ብቻውን መሄዱ ነው።

በአገራችን ጉዳይ ይዞ የሄደ ሰው መልሱን ሳይሰማ እህል አይቀምስም። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ብሉ ቢባል ቆሞ ይለምናል እንጂ አይበላም። ከበላ ጉዳዩ ይላላል፤ በሆዱ ሸኝተው ይሰዱታል። የአያ ተሰማ ባለቤት ደግሞ ሰላምታው ሳያልቅ ሞሰብ የሚያቀርቡ ሴት ናቸው። ይርጋ መንገዱን ሙሉ የሚጨነቀው ለዚህ ነበር።

ከደብረ ታቦር የተሳፈርነው በጭነት መኪና ጋቢና ነው። በቁልቁለቱ የበላሁትን ሁሉ መንገድ ላይ አወጣሁት። ሜዳው ላይ ስንደርስ ኑጉ አብቦ እስከ አድማስ ቢጫ ነው፣ ዋልካው ገና አልጠነከረም፣ መኪናው ይንሸራተታል። ወረታ ስወርድ የመኪናውን በር ይዤ ቆምኩ። የገበያ ቀን ስለነበር ከብቱም ሰውም መንገዱን ሞልቶታል።

ይርጋ አየኝና፣ በዚህ አኳኋንሽ የእንጀራው ሽታ ሲመጣ ትሸነፊያለሽ አለኝ። ስለዚህ ቀድመን እንበላና ጠግበን እንሄዳለን፤ እሳቸው እሺ እስኪሉ ድረስ ብንቆምም አንወድቅም። ብልሃት መሆኑ ነው። ለእኔ ነገሩ አልተዋጠልኝም። ያኔ ባለ ትዳር ሴት ከምግብ ቤት አትበላም። ሾፌሮቹ እንኳ ሚስቶቻቸውን ጋቢና ውስጥ ትተው ነው ገብተው የሚበሉ፤ ሴቲቱ ስንቋን ከዛፍ ሥር ትፈታለች። ከዚያም የከፋው የሥጋ ዘመድ ባለበት ከተማ ቤቱን አልፎ ሌላ ቤት መብላት ነው። ይህ ዘመዱን በአደባባይ መስደብ ነው። ይርጋ ግን ሚስቴን ከደጅ አቁሜ አልበላም ባይ ነው። ስንከራከር ከምግብ ቤቱ የምንቸት አብሽ ሽታ መጣ። እውነቱን ለመናገር ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ።

ቤቱ በወንዶች ተሞልቷል። አግዳሚው ጫፍ ላይ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ተቀመጥኩ። ወጡ ቅቤው ከላይ የተንሳፈፈ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣመኝ ወጥ የለም፣ እንደዚያ እየተሳቀቅሁ የበላሁትም የለም። ጥቂት እንደጎረስኩ በሩ ላይ ያለው ብርሃን ጠፋ። ቀና ስል አያ ተሰማ ናቸው። አንዱን ከብት ነጋዴ ፍለጋ ነበር የመጡት።

እጆች ሁሉ ሣህን ላይ ቀሩ።

“ጥሩወርቅ፣ ቤቴ ተቃጥሎ ነው?” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ይርጋ ከመቀመጫው ተነሣ። “እኔ ነኝ ያስገባኋት። እሷ እምቢ ብላኝ ነበር።”

ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት አፏን አትከፍትም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ጥፋቱ በእሱ ላይ ካረፈ ወደ ከፋ መሄዴ መቅረቱ ነው።

“ውሸቱን ነው፣ አያ ተሰማ። ርቦኝ እኔ ነኝ ቀድሜ የገባሁ።”

እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት። ለምን ወደ ቤት እንዳልመጣን ጠየቁ። ይርጋ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ሁሉንም ተናገረ፤ ቤታቸው ገብተን እህላቸውን እምቢ ልንል፣ እስኪፈቅዱልን ልንቆም አስበን እንደነበር። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አለቀልን ብዬ ቆረጥኩ።

አያ ተሰማ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። የእጅ ውሃ ጠየቁና ታጥበው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ከእኛው ሣህን ቆርሰው ጎረሱ። ያን ጊዜ ከአጎቷ ጋር የምትበላ ልጅ ሆንኩ። ወንዶቹም ወደየሣህናቸው ተመለሱ። እሳቸው ግን አንዷን ጉርሻ ረጅም ጊዜ አላመጡ፤ ዓይናቸው በበሩ አልፎ ወደ ይፋግ የሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ጥፋታችንን የሚመዝኑ መስሎኝ ነበር።

“እንግዲህ እናንተ ጠያቂዎቹ ናችሁ፣ እኔ ደግሞ የእናንተን እህል ቀመስሁ” አሉ በመጨረሻ። “እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። ሂጅ።”

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። አባቴን ልሰናበት ይፋግ እንሄዳለን አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

“አይሆንም። ከዚሁ ተመለሱ። ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ።”

“ሳላየው?”

“ካየሽው አትሄጅም።”

አባቴ ሲያየኝ ተናዶ ቃሉን እንዳያጥፍ የፈሩ መሰለኝ። በደስታ ታውሬ ስለነበር አልጠየቅሁም። በዚያው ቀን ወደ ደብረ ታቦር የሚመለስ መኪና አግኝተን ተሳፈርን፤ በሳምንቱ ወደ ከፋ ተጓዝን።

አባቴ በሚቀጥለው ክረምት ዐረፈ። መርዶው የደረሰኝ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ተዝካሩም ካለፈ በኋላ ነው። ዓመታት አልፈው አገሬ ስገባ የአያ ተሰማ ባለቤት ነገሩኝ። አያ ተሰማ ያን ጊዜ ከይፋግ የተመለሱት በገበያው ዋዜማ ነበር፤ አባቴን ታሞ ተኝቶ አይተውት ነው የመጡ። ከፋ አትሄድም ያለውም ይርጋን ጠልቶ ሳይሆን ከአጠገቡ እንዳልርቅበት ነበር።

ያን ሁሉ እያወቁ ነው ጉርሻዋን ሲያላምጡ የቆዩት። አንዳንድ ቀን አመሰግናቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ኑግ ሲያብብ፣ አጥንታቸውን እወቅሳለሁ፤ የአባቴን ዓይን እንኳ ባየሁ ነበር እላለሁ። ሁለቱም ከልቤ ነው።

ከሆቴሉ ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ ይርጋ ስለ ሒሳቡ ውድነት፣ ስለ ባጃጁ አነዳድ፣ ስለ ልጃችን ባል ዝምታ ሐሳቡን ሰጠ። በአያ ተሰማ ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ልክ ነበሩ ወይም አልነበሩም ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀን የአባቴን መታመም ቢነግሩኝ ኖሮ ከእሱ ጋር እቀር እንደነበር ያውቃል።