ኳስ የሌለው ምት

ልጄ ጥንቅሹን ሳይልጠው በፊት ሲያወዛውዘው ሽው አለ፤ እኔንም ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

እዚሁ ጭሮ፣ እዚሁ ግቢ ነው። አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ለጎልፍ ተጫዋቾች ዱላ ይሸከም ነበር። እኔንም በጥንቅሽ አገዳ አመታቱን ያለማምደኝ ነበር።

«ጉልበትሽን ሰበር አርጊ አቦ! መጀመሪያ ወገብሽ ይዙር፤ እጅሽ ራሱ ይከተላል።»

«ኳሱስ፣ አባ?»

«ኳሱማ የነሱ ነበር። ማየትን ግን ማን ከለከለኝ!»

ምን ማለቱ እንደሆነ ስላልገባኝ ዱላዬን ልጬ መጠጥኩት።

አሁን አባቴ ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ ተኝቷል። ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠዋለሁ። ዛሬም ወገቡን ይዤ አዞርኩትና እጁን ጠበቅኩት። አልተከተለም።