ትምህርት ቤቱ እስኪያድግ የጠበቁት ሽማግሌዎች

የእህቴ ልጅ የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ልትማር ከአትላንታ ወደ ሌላ ስቴት የሄደችው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ገና መከፈቱ ነበር። የሚማሩት ድሮ የቤት ዕቃ ይሸጥበት በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ብርድ ሲሆን ኮታቸውን ሳያወልቁ ነው አሉ የሚቀመጡት። «ያው ሐኪም ነው የምሆነው፤ መድኃኒት አዝዛለሁ፣ ኦፕራሲዮን አደርጋለሁ። በዚያ ላይ አጥንትና ጡንቻን በእጅ ማከም እንማራለን» ብላ አስረዳችኝ። ለእኔ ይኼ በቂ ነበር።

በዚያው ዓመት ሽማግሌዎች አትላንታ ዳር ቻምብሊ ወዳለው አፓርታማዬ መጡ። እናቷ አገር ቤት ስለነበረች ስለ ጋብቻዋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የላካቸውን ልጅ ኮሌጅ ነው ያወቀችው፤ ትወደዋለች፤ እሱን አግብታ መኖር እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። እንደ ወጉ ቢሆን አባት ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። የልጁ አባት ግን ሽማግሌዎቹን አላመኑም መሰል አብረው መጡ፤ ሳይጋበዙም ሶፋዬ ላይ ተዘረጉ።

ሰውዬው አዲስ አበባ ሳሉ የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። እዚህ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣሉ። በሥራቸው አልንቃቸውም፤ እኔም የሆቴል አንሶላ ነበር የማጥበው። የምንቀው ያንን ሰውን ሁሉ ከመምሪያቸው ወንበር ላይ ሆነው የሚመለከቱበትን ዓይናቸውን ነው።

«ምንድን ነው የምትማረው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ወጌሻ ልትሆን ነው በሉኛ!»

«ሐኪም ነው የምትሆነው፣ ጋሼ።»

«ለመሆኑ ትምህርት ቤቱ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ገና መከፈቱ ነው።»

«ይኼ ካፖርቴ በዕድሜ ይበልጠዋላ!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ አጀቧቸው። አንደኛው፣ በልጅነታቸው ከበቅሎ ወድቀው የተሰበረ ክንዳቸውን ወጌሻ እንዳቃናላቸው በየሠርጉ የሚያወሩ ሰው ናቸው። በዚያው ክንዳቸው ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ከዚያ «ነገሩ ይቆየን» ብለው ወጡ።

ስደውልላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እሱስ ምን አለ?» ብላ ነው። አልመጣም አልኳት። ስታለቅስ ሰማኋት።

ትምህርት ቤቱ ግን አደገ። እሑድ እሑድ እየደወለች ትነግረኛለች፦ የራሱ ሕንፃ ተጀመረ፣ ላብራቶሪው ተመረቀ፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች ተማሪዎቹን ለልምምድ መቀበል ጀመሩ። ልጁም ይህን ሁሉ ከእሷ ሰምቶ ለአባቱ ያደርሳል። አባትየው ቤት እንደሚያሠራ ሰው ግድግዳው የት እንደደረሰ ይጠይቁና «እንግዲህ ይታያል» ይላሉ። ልጁም ተመልሶ «ይታያል ብሏል» ይላታል። ወንድ ተብሎ! የምታሳዝነኝ እሷ ናት፤ አንድ ነገር በተመረቀ ቁጥር «አክስቴ፣ አሁንስ የሚመጡ ይመስልሻል?» ትለኝ ነበር። እኔ ምን ልበላት? ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን እሳደባለሁ።

በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ተመራቂዎች ወጡ፤ እሷም ከእነሱ አንዷ ሆነች። እዚሁ አትላንታ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሬዚደንሲ ሥልጠና አግኝታ እኔ ዘንድ ገባች። ሳምንት አልሞላትም፣ በሬ ተንኳኳ።

አሁን ወጉ ትዝ ብሏቸዋል። ሁሉም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ «ጥያቄያችን ካልተመለሰ አንቀመጥም» እያሉ ተደርድረው ቆሙ። አባትየው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው «ዶክተር ልጃችንን ለመጠየቅ ነው የመጣነው» አሉ። ዶክተር! ልጁም አበባ ይዞ ከኋላቸው ቆሟል። አስተናጋጅ ይመስላል።

በወጉ እሷ መውጣት አልነበረባትም፤ ወጣች። ሽማግሌዎቹን እጅ ነስታ በቀጥታ እሱን አየችው። ፊቷን አውቀዋለሁ፤ አሁንም ትወደው ነበር። አንድ ደህና ቃል ቢወጣው እሺ ልትል ነው ብዬ ፈራሁ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለችው። «ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ኖሮስ?»

ወደ አባቱ አየ፣ ወደ አበባው አየ፣ ከዚያ እንደ ማጽናናት ፈገግ አለ።

«አልተዘጋም እኮ» አላት።



«አክስቴ፣ ሸኚያቸው» አለችኝና ወደ ክፍሏ ገባች። የተቀመጠ ሰው ስላልነበረ መሸኘቱ ጊዜ አልፈጀብኝም።