ለጭቃ ሰዎቼ ስንቅ ይዤ

ቅዳሜ ጠዋት ነው... የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ቤታችን ዘው ብሎ ስድስት የጭቃ ሰዎቼን በጆንያ ከትቶ ወሰደብኝ። አትሳቁ! እውነቴን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሥዕል ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ። የመመረቂያ ሥራዬ ትንንሽ የጭቃ ሰዎች የሚንቀሳቀሱበት አጭር ፊልም ነው። አሠራሩ እድሜ ይፈጃል... ሰውየውን ታቆሙና አንዴ በካሜራ ታነሱታላችሁ፣ እግሩን ቅንጣት ታህል ታንቀሳቅሱና ደግማችሁ ታነሱታላችሁ። ሁሉም ተከታትሎ ሲታይ ሰውየው ይራመዳል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ስድስት ሰዎች ስኳር ለመግዛት ሱቅ በር ላይ ተሰልፈዋል። እነሱ አንድ እርምጃ ሲጠጉ በሩ አንድ እርምጃ ይሸሻል። በቃ። ማን እንደጠቆመብኝ እንጃ፤ ሊቀመንበሩ ግን በትንሿ በር ላይ «የሕብረት ሱቅ» ብዬ የጻፍኩትን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው በሱቃችን የምታላግጪው?»

ከትምህርት ቤት የተዋስኩትን ካሜራ ሊወስድ ሲል የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ዘረጋሁለት። ማኅተሙን አይቶ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ቦታው መለሰው። ማኅተም ያለበትን ነገር በዚያ ዘመን ማን ደፍሮ ይነካል? የቀረጽኩት ሁሉ እዚያው ካሜራው ሆድ ውስጥ መሆኑን ግን አላወቀም።

«እነዚህስ? ወረቀት አላቸው?» አለ ወደ ጭቃዎቹ እየጠቆመ።

የላቸውም። ወረቀት ከሌላቸው ደግሞ ወደ ጆንያ።

ፊልሙ ገና ግማሽ ነው። ካሜራው ማክሰኞ ይመለሳል። ሌሎች ስድስት ልሥራ ብል መልካቸው አይገጥምም... በዚያ ላይ ጭቃ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ካልተጠቀለለ ደርቆ ይሰነጠቃል። እነሱን ካላስመለስኩ አልመረቅም። አንጀቴ እርር ድብን አለ!

እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ! ሰው በሚታሰርበት ዘመን ለጭቃ ትሟገቻለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን እልህ ከያዘኝ ያዘኝ ነው።

እሑድ ቀትር ላይ ስድስት ጨርቆች ውኃ ነክሬ፣ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቼ ቀበሌ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የታሰሩ ሰዎች ስለነበሩ እናቶች በየቀኑ በሩ ላይ ተሰልፈው ስንቅ ያቀብላሉ። እኔም ተሰለፍኩ። ከፊቴ ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ከታሰረ አምስት ወሩ ነው።

ተራዬ ሲደርስ መዝገብ የያዘው ጠባቂ ቀና ሳይል «ለማን ነው?» አለኝ።

«ትናንት በጆንያ ለገቡት ስድስት ሰዎች።»

መዝገቡን ገለጠ። ወይ ጉድ... ተመዝግበዋል! «ስድስት፣ የጭቃ» ይላል። ሰውየው ግራ ገባው። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ስንቅ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ መቅመስ አለበት።

«ቅመሺ» አለኝ።

አንዱን ጨርቅ አወጣሁና ዓይን ዓይኑን እያየሁ መጠጥኩት።

ከኋላዬ አንዷ እናት ፍርፍር ብላ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ... ከዚያ ሰልፉ በሙሉ። እዚያ በር ላይ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም። ሊቀመንበሩ እየተቆጣ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ስንቅ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። አፌን ማን ይያዘው! «እስረኛ ከሆኑ ስንቃቸው ይግባላቸው። እስረኛ ካልሆኑ ይስጡኝ።»

«ጭቃ ይታሰራል እንዴ?!»

«እኔስ ምን አልኩዎት!»

ሳቁ ባሰ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። እንዲሁ ለቆኝ እንዳይሸነፍ «ዋስ አምጪና ውሰጂ!» ብሎ ጮኸ።

ዞር ብዬ ሰልፉን አየሁ። ሳቁ ጠፋ። በዚያ ዘመን ቀበሌ መዝገብ ላይ ስምን ማስፈር ቀልድ አይደለም፤ ደግሞስ ማን ለጭቃ ብሎ? ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አልፈረድኩባቸውም።

እትዬ በለጡ ስንቃቸውን መሬት አስቀመጡና «እኔ እዋሳቸዋለሁ» አሉ። ማንም ሳይጠራቸው ወደ መዝገቡ ሄደው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

ጆንያዬን አቅፌ ስወጣ ተከትለውኝ መጡ። «እትዬ፣ ምን ነካዎት? በኔ ጦስ ቢይዙዎትስ?» አልኳቸው።

«ለልጄ ዋስ ልሁን ብዬ አምስት ወር ሙሉ ለመንኩ፤ ጣቴን የሚቀበል ጠፋ» አሉኝ። «ዛሬ ተቀበሉኝ። እሰይ! አንድ ነገር አስፈታሁ።»

መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማልቀሱ እንኳ ያናድደኝ ነበር።

ሦስቱ ሰዎቼ ደረታቸው ላይ ተሰንጥቀው ነበር። እንዳሉ አሰለፍኳቸው። ሁለት ሌሊትና ሁለት ቀን ሳልተኛ ሠርቼ ማክሰኞ ጨረስኩ። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ፊልም! መጨረሻው ላይ ስሜን ጻፍኩና ከሥሩ «ዋስ፦ በለጡ» ብዬ ጨመርኩ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ አስተማሪያችን ክፍል ውስጥ አሳዩት። «ዋስ» የሚለውን ሲያዩ ደነገጡ። መብራቱን አብርተው መቀስ አቀበሉኝና «ይቺን ቁራጭ ቆርጠሽ ጣያት። አንቺንም እኔንም ታስጠይቀናለች» አሉኝ።

«መጀመሪያ ቀበሌው የእትዬ በለጡን ልጅ ይፍታላቸው፤ ያኔ እቆርጠዋለሁ» አልኩና መቀሱን መለስኩላቸው።

ይኸው... እስከ ዛሬ አልቆረጥኩትም።