ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር አልነሳ ያለ ቅዳሜ

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ያነሳኋቸው ሰዎች በሙሉ ያሉት አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ሲገዛም አሮጌ ነው። ባለፈው ክረምት ዲስኩ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረና እንቅልፍ ነሳኝ። አዲስ ዲስክ ከጎንደር አስመጥቼ፣ አሮጌው ላይ ያለውን ሁሉ፣ ፎቶውንም ፕሮግራሙንም፣ እንዳለ ወደ አዲሱ ለመገልበጥ ወሰንኩ። አሠራሩን ከአንድ ቪዲዮ ላይ ተማርኩ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሲገለብጥ ውሎ «ተጠናቋል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ቤቱን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን ገጠምኩና ማብሪያውን ተጫንኩ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ፦ የምነሳበት ነገር አላገኘሁም ይላል። አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። አሮጌውን መልሼ ሰካሁት። ሁለት ጊዜ ቋ ብሎ ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁም ጠፋ።

«አልነሳ አለ፣ አልነሳ አለ» እያልኩ ለራሴ ሳወራ፣ ከበሩ በኩል «ማን ነው የማይነሳው ልጄ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጥቁር የለበሱ፣ ፀጉራቸውን የተላጩ እናት ናቸው። አላውቃቸውም።

«ኮምፒውተሩ ነው እናቴ። ምን ልታዘዝ?»

«ልጄ እዚህ ፎቶ ተነስቶ ነበር አሉኝ፣ ለመታወቂያ ብሎ። ነገ አርባው ነው። ትልቅ አድርገሽ አውጭልኝ።»

ልጁ ሊማሊሞ ላይ መኪና ተገልብጦ ነው የሞተው። ስልኩም አብሮት ደቅቋል። ሌላ ፎቶ የለውም። እሳቸው ከቆላው ሌሊቱን ሲወጡ አድረው ነው የደረሱት።

«እሺ» አልኳቸው። «ትንሽ ይቆዩኝ፤ አሁን ይነሳል።»

ይነሳ አይነሳ ግን አላውቅም ነበር። በረንዳው ላይ ወጥቼ ዳባት ኮምፒውተር ወደሚያስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኩት።

«ምን ምኑን ነው የገለበጥሽው?»

«ትልቁን ክፍል። ሁሉም ነገር ያለበትን።»

«ከሱ ፊት ያለችውን ትንሿንስ?»

«የቷን ትንሽ?»

«እሷን ትተሻታላ! ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው እሷን ነው። ከየት እንደሚነሳ የምትነግረው እሷ ናት። በይ አሁን ምንም እንዳትነኪ። ፍላሽ ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ።»

«ፎቶዎቹ ግን አሉ?»

«ሳላይ እንዴት ልንገርሽ?»

ተመልሼ ገባሁ። እናትየው ደንበኞች ፎቶ የሚነሱበት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ውጭ ረዳቶቹ «ጎንደር! ጎንደር!» እያሉ ይጣራሉ። አንድ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር በመስኮት አያለሁ፤ እሱ አይደለም። ጠረጴዛውን ወለወልኩ። እንደገና ወለወልኩት። እሳቸው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላይ አይነቅሉም፤ ልጃቸው ከዚያ ጥቁር ውስጥ ብቅ የሚል ይመስል።

«ሊደርስ ነው?» አሉኝ።

«ሊደርስ ነው።»

ሁለተኛ ሲጠይቁኝ ግን አልቻልኩም። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጢጥ አልኩ። «እናቴ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላውቅ ነካክቼ አበላሸሁት። ልጅዎ ይኑር አይኑር አላውቅም።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡኝም።

«የልጄን ነገር ሲነግሩኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «‹ተጎድቷል፣ ሐኪም ቤት ነው› ነበር ያሉኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ፣ አድንልኝ እያልኩ፣ ስለት እየተሳልኩ መጣሁ። ለካ ሁሉም ያውቃሉ። ብቻዬን ነበርኩ የማላውቀው። ያችን ግማሽ ቀን እስከዛሬም አልረሳኋት። አንች እንደነሱ አታድርጊኝ። ካለ አለ በይኝ። ከሌለም የለም።»

«እሺ» አልኩ።

ጓደኛዬ ሲደርስ ሰላምታም አላበዛም። አዲሱን ዲስክ መልሶ ገጠመ፤ ፍላሹን ሰክቶ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ላይ አስነሳው፤ አንድ ጥቁር መስኮት ከፍቶ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። በየዓመቱ የከፈትኳቸው የፎቶ ማኅደሮች ስም በተርታ ወርዷል።

«ስማቸው አለ» አለኝ። «ውስጣቸውን ገና አላየሁም።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «የፎቶ ማኅደሮቹ ስም አለ እናቴ። ፎቶው መኖሩን ገና አላወቅንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

የጎደለውን መነሻ በአዲሱ ዲስክ ላይ ጽፎ ፍላሹን ነቀለና አበራው። ጥቁር። ያው ነጭ መስመር። ጓደኛዬ ከንፈሩን ነከሰ። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። «ቆይ... ቆይ» አለ፤ እንደገና ፍላሹን ሰካ። «የሚነሳው ከዚህ ክፍል ነው የሚለውን ምልክት ሳላደርግበት ነው።» ሁለት መስመር ጻፈ። አጠፋ። አበራ።

ትንንሽ ነጠብጣቦች መዞር ጀመሩ። ዞሩ፣ ዞሩ፣ ከዚያ የምሠራበት ገጽ ከነምስሉ ቦግ አለ።

«መቼ ነበር የተነሳው?» አልኳቸው።

«ከጥምቀት ወዲህ ነው። ከሁዳዴ በፊት።»

የካቲትን ከፈትኩ። የሰው ፊት በሰው ፊት ላይ ሆኖ ያልፋል። እሳቸው ከበርጩማው ተነስተው ትከሻዬን ተደግፈዋል፤ ጣታቸው ሲጠብቅ ይሰማኛል።

«ተይ! እሱ ነው።»

ፎቶውን አጎላሁት። አገጩን ቀና ያደረገ፣ ሳቁን አፍኖ የያዘ ጎልማሳ ነው፤ ትከሻው ላይ የሰፋው ጥቁር ኮት ለብሷል። አላለቀሱም። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ይሄን ኮት ከየት አመጣው?»

«የፎቶ ቤቱ ነው። ለሚነሱ ሰዎች የምናውሰው ነው» አልኩና ከመጋረጃው ጀርባ አውርጄ አሳየኋቸው። ተቀብለው እጅጌውን አገላበጡት። ሸተቱት። ከዚያ ብዙ ሰው እንደለበሰው የገባቸው ይመስለኛል፤ አጥፈው መለሱልኝ።

«በሕይወቱ ኮት ለብሶ አያውቅም» አሉ። «አምሮበታል ግን። እንዲያው ከነኮቱ አውጭው።»

ፎቶው ከማተሚያው ሲወጣ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሙ። ከዚያ በነጠላቸው ሸፍነው፣ እንዳይታጠፍ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ወጡ። ጥቂት እንደሄዱ ተመለሱ።

«ፀሐይ ያጠፋዋል?»

«ከቆየበት ያደበዝዘዋል። ጥላ ቦታ ይስቀሉት። ከደበዘዘም ይምጡ፣ እንደገና አወጣልዎታለሁ።»

ጓደኛዬ እስካሁን ወንበሩ ላይ ነበር። «አሁኑኑ ሌላ ቦታ ቅጂው» አለኝ። የምቀዳበት ነገር ልገዛ እየሮጥኩ ወጣሁ።