የካርቡሬተሩ ክስ

ሞተር ሳይክሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከቀጨኔ ተነስቼ ጳውሎስ አካባቢ ስደርስ ነው። አልጮኸችም፣ አልጨሰችም። ጉልበቷ ቀስ በቀስ ከዳት፣ ጠፋች። ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለች አሮጌ ስለሆነች መቆሟ ብቻውን አያስገርምም። ያስገረመኝ ገና ቅዳሜ ዕለት ካርቡሬተሯ ተፈትቶ ታጥቦ መገጠሙ ነው።

የሠሩት ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። በራቸው ላይ ሰማያዊ ሸራ ዘርግተው የማንንም ሞተር ይሠራሉ፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ውሏቸው እዚያ ሸራ ላይ ነው።

በዚያው ሳምንት እሁድ የእድር ስብሰባ ነበር። ዳኛው እስኪመጡ ሰው ያወራል። ጎረቤቴ ሞተሬን እየገፋሁ ስመለስ አይቶኝ ኖሮ፣

«ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። ጋሼ ከነኳት ወዲህ ነው» አልኩት።

ጋሼ ከኋላችን ተቀምጠዋል። ሰው ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም። «እጄ አርጅቷል ማለት ነው» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። በሳምንቱ ጎረቤቴ የራሱን ሞተር ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰደ። ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያ አንድ ቀን ሳልፍ ሸራው ተነስቷል። ጋሼ ባዶ እጃቸውን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላም አልኳቸው፤ በትህትና መለሱልኝ።

እኔ ምርመራዬን ቤቴ ቀጠልኩ። በሥራዬ እንደለመድኩት ማስታወሻ ያዝኩ፦ ቀኑ፣ የት እንደቆመች፣ ዝናብ ነበር አልነበረም፣ ምን አደረግኩ። ካንዴላ ተቀየረ፣ ተነሳች፤ በማግስቱ ቆመች። ካርቡሬተር ታጠበ፣ ተነሳች፤ በማግስቱ ቆመች። የቤንዚን ጎማው ተቀየረ፣ እንደዚያው። ካርቡሬተሩን ለሦስተኛ ጊዜ ስፈታ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ጋሼን ብትጠይቃቸው ምናለ?»

«ያበላሹትን ሰውዬ?»

«የሳቸው እጅ አርጅቶ ነው እንበል። ያንተ ወጣቱ እጅ ምን ፈየደ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ ገባች።

እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ስለነበር የምንታጠበው ዱካ ላይ ከምናስቀምጠው ቧንቧ ከተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን ነው። ሳሙናውን እንደቀባሁ ውሃው እየቀጠነ መጣና ቆመ። ጀሪካኑን ነቅነቅ አደረግኩት፤ ሙሉ ነው።

«ውሃው እምቢ አለ!»

«ክዳኑን ላላ አድርገዋ! አየር ካልገባ ከየት ይውረድልህ?» አለች ከውስጥ።

አላላሁት። ፍስስ አለና ውሃው ወረደ። እኔ ግን ሳሙናው እጄ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ።

ጋሼ ከሠሯት በኋላ በነበረው ሰኞ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ነበር። የቤንዚን ታንከሯ ክዳን ጎማው ስላረጀ ውሃ እንዳያስገባ ብዬ ፌስታል አጥፌ አፉ ላይ አድርጌ ክዳኑን በላዩ ጠረቀምኩት። ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈራችን ግማሽ ሞተር የሚሄደው እንዲሁ ነው። ክዳኑ ላይ ግን አየር የሚያስገባ የመርፌ ዓይን የምታክል ቀዳዳ አለች፤ እኔ አጥፌ አጥብቄ ስለጠረቀምኩት ፌስታሉ እሷን ደፈናት። አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም፣ ካልወረደ ሞተሩ ይጠፋል።

ማስታወሻዬን አውጥቼ አነበብኩ። በቆመች ቁጥር እየገፋሁ ቤት አድርሼ፣ ማንኛውንም ነገር ከመንካቴ በፊት፣ ቤንዚን አልቆ እንደሆነ ለማየት ክዳኑን ከፍቼ፣ ፌስታሉን አንስቼ፣ አይቼ እመልሰዋለሁ። የሚያስነሳት ይህ ነበር። በአራት ገጽ ማስታወሻ ውስጥ ግን ስለዚህ አንድ መስመር የለም። ማየትን እንደ ሥራ አልቆጠርኩትም። ያን ሁሉ ያጻፈኝም ካርቡሬተሩ ላይ የነበረኝ ክስ ነው።

ለማረጋገጥ ፌስታሉን ትቼ እስከ እንጦጦ ግርጌ ደርሼ ተመለስኩ፤ አልቆመችም። በማግስቱ ፌስታሉን መልሼ በዚያው መንገድ ሄድኩ፤ ገና ግማሹ ላይ ቆመች። ሌላ ምንም ሳልነካ ክዳኑን ብቻ አላላሁ። እንደ ጀሪካኑ አየር ሳበችና ተነሳች።

በእኛ በሬዲዮ ጋዜጠኞች ሥራ እርማት ስህተቱ በተነገረበት ዝግጅት ላይ ይነገራል። ጋሼ ቤት ሄጄ ለብቻቸው ብነግራቸው ይቀለኝ ነበር። የሚቀጥለውን የእድር ቀን ጠበቅኩ። ዳኛው «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲሉ ተነሳሁ።

«ባለፈው ወር እዚሁ ቦታ፣ ሞተሬ የተበላሸችው ጋሼ ስለነኳት ነው ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ክዳኑ ሥር ፌስታል ከትቼ አየር ያሳጣኋት እኔ ነኝ። የጋሼ ሥራ ምንም አልነበረበትም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከዚያ ጎረቤቴ፣

«ታዲያ በሬዲዮ የምትነግረንንም እንዲህ ነው የምታጣራው?» አለና አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ጋሼ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ካርቡሬተሩን ስንቴ ፈታኸው?»

«ሦስቴ፣ ጋሼ።»

«በምን?»

«በካቻቢቴ... በፒንሳም።»

«በፒንሳ!» አሉ፤ ፊታቸው ያኔ ስለ እሳቸው ስናገር እንኳ እንዲህ አልተቀየረም። «እንግዲያ አሁን በእውነት ተበላሽቷል። ነገ አምጣት።»

ሰኞ ጠዋት ሞተሬን እየገፋሁ ሄድኩ። ሰማያዊው ሸራ በሩ ላይ ተዘርግቷል። የጎረቤቴ ሞተር ቀድማኝ ሸራው ላይ ቆማለች፤ እሱም አጠገቧ አንገቱን አቀርቅሮ የሚጠይቁትን ይመልሳል። ጋሼ ቀና ሳይሉ፣

«ተራህን ጠብቅ» አሉኝ።

ሞተሬን ግድግዳው ሥር አቁሜ ጠበቅኩ።